ቀኑ ያለፈበትን የኤሌክትሮኒክ ካርታ ከመሣሪያው ጋር ስለ መሸጥ

ባለፈው ግንቦት ተክለ ሃይማኖት ወደሚገኘው ጽሕፈት ቤታችን ከባሕር ዳር አንድ ደብዳቤ ደረሰ። ጸሓፊው በጣና ሐይቅ ላይ ለሽርሽርና ለገዳማት ጉብኝት የምታገለግል የአንዲት ጀልባ ባለቤት ናቸው። በጥቅምት ወር የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ ከነካርታው ከእኛ ገዝተው ነበር። ካርታው ሁለት ሜትር ውሃ አለበት ባለው ስፍራ ላይ እንግዶች አሳፍረው ሲመለሱ ጀልባዋ ከድንጋይ ጋር ተጋጨች። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ሰው አልተጐዳም፤ የሞተሩ መቅዘፊያ ግን ተሰበረ።

አሠሪዬ ደብዳቤውን አንብበው፥ «እኛ የሸጥነው መሣሪያ ደኅና ይሠራል፤ ጥፋቱ የነጂው ነው» አሉኝና መልሱን በዚሁ መንገድ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። አዘጋጀሁ። ዳሩ ግን ከመላኬ በፊት ከመጋዘን ያንኑ ዓይነት መሣሪያ አስወጥቼ ብከፍተው፥ በውስጡ ያለው ካርታ የተዘጋጀበት ዓመት እኛ ዕቃውን ከሸጥንበት በስድስት ዓመት የሚቀድም ሆኖ አገኘሁት። ለአሠሪዬ አሳየኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና የተጻፈውን መልስ ከእጄ ተቀበሉኝ። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁትም በእርሳቸው ፈቃድ ነው።

ብዙ ሰው መሣሪያውንና ካርታውን አንድ ነገር አድርጎ ይቈጥራቸዋል። መሣሪያው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ጀልባዋ ያለችበትን ቦታ ብቻ ያውቃል። በዚያ ቦታ ድንጋይ ይኑር ደለል ግን የሚናገረው ካርታው ነው፤ ካርታውም አንድ ቀን ሰዎች ለክተው የጻፉት ነው። እኔ በጽሕፈት ቤታችን የጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፍ ጠባቂ ነኝ፤ ማሻሻያ በወጣ ቍጥር በየገጹ እለጥፋለሁ። የታሪፉ መጽሐፍ ማሻሻያ ሳይለጠፍበት ቢቀር የመጽሐፉ ጥራዝ ማማር ከቅጣት አያድነንም። በባሕርም ላይ ሥርዓቱ እንደዚሁ ነው፤ የእንግሊዝ የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤት የካርታ ማረሚያ በየሳምንቱ ያወጣል፤ ትልልቅ የንግድ መርከቦችም ካርታቸውን የታረመ አድርገው እንዲይዙ ዓለም አቀፍ ሕግ ያስገድዳቸዋል። የሽርሽር ጀልባን ግን ማንም «ካርታህ የመቼ ነው?» ብሎ አይጠይቃትም።

ጣና ደግሞ ከሌላው የባሰ ጥንቃቄ የሚያሻው ሐይቅ ነው። ስፋቱ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ዐሥራ አራት ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ውሃው በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ ይጐድላል፤ ልዩነቱም ከአንድ ሜትር የሚበልጥበት ዓመት ብዙ ነው። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የጨረጨራ ግድብ፥ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ በለስ የሚሄደው ውሃ በሐይቁ ከፍታ ላይ ድርሻ አላቸው። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች በመውረዱ መርከቦች አራት ወር ያህል መሥራት አቁመው ነበር። እንግዲህ ካርታው «ሁለት ሜትር» ሲል የሚቈጥረው ከየትኛው የውሃ ከፍታ ነው? ደንበኛችን በጥቅምት ገዝተው በዚያ ወቅት ደኅና የሄዱበት መንገድ በግንቦት የከዳቸው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በዚህ ላይ ግልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ በየክረምቱ የሚያመጡት ደለል አለ፤ ካርታ ላይ የማይገኘው የእምቦጭ አረምም አለ።

ሌላም ስሕተት አለ። የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በተባለው የመለኪያ መሠረት የተሠሩ ናቸው፤ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚጠቀመው ሌላ ነው። ሁለቱን ሳያስታርቁ ቢያጋጥሟቸው ቦታው ከ100 ሜትር በላይ ይዛነፋል። በጠባብ የደሴት መግቢያ ላይ 100 ሜትር ማለት መሬት ላይ መውጣት ማለት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ፥ ኅዳር 20 ቀን 2007 ዓ.ም. ዓለምን በሚዞረው የጀልባ ውድድር ላይ የነበረችው «ቬስታስ ዊንድ» ከሞሪሸስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ከባሕር ዓለት ላይ ወጥታ ተሰበረች። ዘጠኙም ተሳፋሪዎች ዳኑ። የኤሌክትሮኒክ ካርታው ዓለቱን የሚያሳየው በቅርቡ አጕልተው ሲያዩት ነበር፤ አሳንሰው ሲያዩት ግን ጥልቅ ውሃ ብቻ ይታይ ነበር። በቀይ ባሕርም ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አንድ ትልቅ የኮንቴይነር መርከብ ከጅዳ አጠገብ መሬት ነካ፤ የመርከብ ጉዞ የሚከታተሉ ድርጅቶች የጂ.ፒ.ኤስ. ምልክት መታወክን በምክንያትነት አንሥተዋል። የእኛም ዕቃ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው በዚያው ባሕር ነው።

አስመጪዎች «ደንበኛው ካልጠየቀ እኛ ምን ቸገረን?» ሊሉ ይችላሉ። እኔ ግን የዱቄት ጆንያ ላይ ቀን እንደምንጽፍ ሁሉ፥ በሽያጭ ደረሰኙ ላይ የካርታው ዓመትና ማሻሻያው የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ እላለሁ። የማሻሻያው ክፍያ ጥቂት ቢሆንም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ነው፤ አንድ የባሕር ዳር ጀልባ ባለቤት ስለዚያች ጥቂት ገንዘብ በየዓመቱ ባንክ ለባንክ ሊንከራተት አይችልም። አስመጪው ግን ዕቃውን ሲያዝ የሦስት ዓመት ማሻሻያ በዋጋው ውስጥ አስገብቶ በአንድ ጊዜ ሊከፍል ይችላል። ዋጋው ጥቂት ይጨምራል፤ ከተሰበረ መቅዘፊያ ግን ይረክሳል።

ባለ ጀልባዎቹም ሥራ አለባቸው። የጫኑት ካርታ በስልክም ቢሆን አውታር በማይደርስበት እንዲከፈት አስቀድመው ያውርዱት፤ ባትሪ ቢያልቅ የሚተካ ሁለተኛ መሣሪያ ይኑራቸው። ከሁሉም በላይ በየመድረሻው በገመድና በእርሳስ ጥልቀቱን ለክተው ከሐይቁ ከፍታ ጋር በየወሩ በደብተር ይጻፉ። ታንኳ ነጂዎቹ በዘንጋቸው እየለኩ ሲኖሩ ይህን ከማንም በፊት አውቀውታል፤ ከእነርሱ ጠይቆ መጻፍ ነውር አይደለም።

ስለ መቅዘፊያው ዋጋ ከደንበኛችን ጋር ገና አልተስማማንም። የታረመውን ካርታ ግን ያለ ክፍያ ልከንላቸዋል፤ ድንጋዩ ያለበትን ቦታና በዚያ ቀን የነበረውን የሐይቁን ከፍታ ጽፈው እንዲልኩልንም ጠይቀናቸዋል። መልሱ ሲመጣ ለአምራቹ እናስተላልፈዋለን።