እድር ለሕግ ባለሙያም ወንበር ይዘርጋ

ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ጠዋት በብዙ የአዲስ አበባ መንደሮች ተመሳሳይ ጉባኤ ይካሄዳል። የእድሩ ጸሐፊ ጠርዙ የላላውን መዝገብ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ገንዘብ ያዡ ወርኃዊ መዋጮ እየተቀበለ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ዳኛው የቀሩትን በስም እያስጠራ ቅጣት ያስመዘግባል። ስለተቀደደው ድንኳን፣ ካለፈው ለቅሶ ሳይመለሱ ስለቀሩት ድስቶች፣ ቀብር ላይ ስላልታዩት አባላት ይነጋገራሉ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። እዚያው አግዳሚ ላይ ከተቀመጡት መካከል ባሏ በሞተ በዓመቱ «ቤቱ የወንድማችን ነው፣ ልቀቂ» የተባለች ሴት፣ ያለ ጽሑፍ ውል ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ በሳምንት ውስጥ ውጣ የተባለ አባወራ፣ ልጇ ከተያዘ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ ወዴት እንደምትሄድ ግራ የገባት እናት ሊኖሩ ይችላሉ። ሰው ቢሞትባቸው ድንኳኑ በሰዓታት ውስጥ ደጃቸው ይተከላል። በሕይወት ሳሉ መብታቸው ሲነጠቅ ግን ያው እድር የሚላቸው ነገር የለውም። እድር ከወርኃዊ ስብሰባው ግማሽ ሰዓት ቀንሶ ስለ ሕግና ስለ ፍትሕ የሚያስረዳ እንግዳ መጋበዝ አለበት የምለው ለዚህ ነው። እንግዳውም መመዘን ያለበት በንግግሩ ማማር ሳይሆን አባላቱ በማግስቱ ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ትቶ በመሄዱ ነው።

ተናጋሪ እንግዳ የመጋበዝ ልማድ በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው በአገልግሎት ክለቦች ነው። ሮታሪን እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ውስጥ ያቋቋመው ፖል ሃሪስ የሕግ ባለሙያ ነበር። እሱና ሦስት ወዳጆቹ በየተራ አንዱ በሌላው ቢሮ መገናኘት ጀመሩ፤ የክለቡ ስምም ከዚያው መዞር የመጣ ነው። ሳምንታዊው ስብሰባ እየሰፋ ሲሄድ ማዕድ ተቋድሶ የእንግዳ ንግግር መስማት የክለቡ መደበኛ ሥርዓት ሆነ። አባላቱ ራሳቸውን እንዲጠይቁባቸው ከተቀመጡት አራት ጥያቄዎች ሁለተኛው «ነገሩ ለሚመለከታቸው ሁሉ ፍትሐዊ ነው ወይ?» የሚል መንፈስ ያለው ነው። ሮታሪና መሰሉ የአገልግሎት ክለብ ላየንስ በእኛም ከተሞች ለአሥርት ዓመታት ሠርተዋል። ከሙያው ውጭ ያለን ሰው በትዕግሥት አዳምጦ መጠየቅ ልንማረው የሚገባ ልማድ ነው። ችግሩ የሰሚው ማንነት ነው። በሆቴል አዳራሽ ስለ ፍትሕ ንግግር የሚሰማው ነጋዴ፣ ሐኪምና መሐንዲስ ቢቸግረው ስልክ የሚደውልለት ጠበቃ አለው። ንግግሩ በብርቱ የሚያስፈልገው ሰው ያለው የእድሩ አግዳሚ ላይ ነው።

አንድ የእንግዳ ንግግር ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ከላየንስ ታሪክ እንማራለን። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1925 በኦሃዮ ግዛት ሴዳር ፖይንት በተደረገው የላየንስ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ሔለን ከለር በእንግድነት ተገኘች። ገና በሕፃንነቷ ዓይኗንም ጆሮዋንም ያጣችው ይህች ሴት የመጣችው ስለ ርኅራኄ በጥቅሉ ልትሰብክ አልነበረም። ክለቡ ለዓይነ ስውራን ጠበቃ እንዲሆንና ሊከላከሉት የሚቻለውን ዓይነ ስውርነት የራሱ ጉዳይ አድርጎ እንዲይዝ ፊት ለፊት ጠየቀች። ክለቡም ጥያቄዋን ተቀበለ፤ ዛሬ የላየንስ ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው የዓይን ሕክምና ሥራው ነው። የዚያ ንግግር ፍሬ እኛም አገር ደርሷል። በትራኮማ ክፉኛ በተጠቃው የአማራ ክልል ላየንስ ከካርተር ማዕከል ጋር ሆኖ ለዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምናና ለመድኃኒት እደላ ድጋፍ ሰጥቷል። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን ተናጋሪዋ ችግሩን በራሷ ሕይወት የምታውቅ መሆኗን፣ ጥያቄዋ አንድና ግልጽ መሆኑን፣ አድማጩም ሊፈጽመው የሚችል አቅም የነበረው መሆኑን ነው። ሦስቱ ከተጓደሉ ንግግሩ ጭብጨባና የምስጋና ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

እነዚህን መመዘኛዎች ወደ እድር ስናመጣቸው ጥቅሙ ወዲያው ይታያል። ለምሳሌ ኑዛዜን እንውሰድ። ሞትን ዋና ጉዳዩ ያደረገ ማኅበር ከቀብር በኋላ የሚመጣውን የውርስ ጠብ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል፤ የተነበበ መሆኑና ቀኑ በራሱ በጽሑፉ ውስጥ መጠቀስ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው መፈረም ወይም የጣት አሻራ ማኖር አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል የማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። አንድ አባት ሦስት ጎረቤቶቹን ጠርቶ በቅን ልቦና ቢናዘዝ፣ ወይም አራት ጠርቶ «ተነበበ» የምትለዋን ቃል ሳያስገባ ቢፈርም፣ የልቡ ፈቃድ በአንዲት ጉድለት ፈራሽ ሊሆን ይችላል። ልጆቹም እርስ በርስ ሲካሰሱ ይኖራሉ። ይህን ለማስረዳት ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ምስክር የሚሆኑት ሰዎች ደግሞ እዚያው ጉባኤ ላይ የተቀመጡት ናቸው።

ያቺ ባሏ የሞተባት ሴትም በቤተሰብ ሕጉ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሚባል ብታውቅ ካርታው በባሏ ስም በመሆኑ ብቻ አትደነግጥም። የተያዘው ልጅ እናት በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ እንደሚያዝ ብታውቅ የምትጠይቀውን ጥያቄ ይዛ ትሄዳለች። ተከራዩም አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ መደንገጉን ቢሰማ አከራዩን የሚያነጋግርበት መሠረት ያገኛል። በሕግ ጉዳይ ደግሞ የዘገየ እውቀት ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው። ወራሽ ያልሆነ ሰው የውርስ ንብረት ሲይዝ እውነተኛው ወራሽ ይህንንና መብቱን ካወቀ በኋላ ሦስት ዓመት ዝም ካለ ክሱ በይርጋ ሊታገድ ይችላል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ሕዝብ መብቱን ሳያውቀው በይርጋ ሲያጣ ማየት ያሳዝናል።

ይህን ሥራ የሕግ ማኅበራትና ድርጅቶች ቢሠሩት አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ድርሻቸው ትልቅ ነው፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለብዙ ሴቶች ያለ ክፍያ ጥብቅና ቆሟል፤ የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ነገር ግን የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብትና በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠሩ ሲከለክል ይህ ሥራ ክፉኛ ተዳክሞ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 እስኪሻር ድረስ ዓመታት አልፈዋል። ያው የ2001 አዋጅ እድርንና እቁብን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓቸው ነበር። ለጋሽ ሲመጣ የሚከፈት፣ ሲሄድ የሚዘጋ የሕግ ትምህርት ሥር አይሰድም። እድር በአባላቱ መዋጮ ይቆማል፤ ቦታውና ሰዓቱ የታወቀ ነው፤ ስም ጥሪም አለው። ተናጋሪም አይጠፋም፤ ጠበቆች በየዓመቱ የተወሰነ የነጻ አገልግሎት እንዲሰጡ ይጠበቅባቸዋል፤ በብዙ እድሮች ውስጥም ጡረታ የወጣ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ በአባልነት ተመዝግቦ ይገኛል።

ብርቱው ተቃውሞ «እድር ለቀብር ነው፤ ሌላ ነገር ካስገባንበት ፖለቲካ ይገባና ይበትነዋል» የሚለው ነው። ስጋቱን አልንቀውም። የእድር ጥንካሬ የተለያየ ሃይማኖት፣ ቋንቋና አመለካከት ያለውን ጎረቤት በአንድ ሐዘን ስር ማስቀመጡ ነው፤ ያ ከፈረሰ የሚተካው የለም። ሆኖም እድር ከቀብር አልፎ አያውቅም ማለት ታሪኩን መርሳት ነው። ኤች አይ ቪ በ1990ዎቹ ቤት ለቤት ሲገባና የእድሮች ካዝና በቀብር ብዛት ሲራቆት፣ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ስለ በሽታው የሚያስተምር ሰው ጋብዘው አዳምጠዋል፤ የታመሙትን አስታመዋል፤ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደግፈዋል። ያኔ ፈርተውት የነበረው መበታተን አልመጣም። ፖለቲካን የሚከላከለውም ግልጽ ደንብ ነው። ርእሱን ጉባኤው ራሱ ይምረጥ፤ የፓርቲ ሰው በፓርቲነቱ፣ ሹመኛም በሹመቱ መድረኩን አይያዝ፤ በፍርድ ቤት የተያዘ የአባል ጉዳይ በስም አይነሳ። ርእሱ ኑዛዜ፣ ኪራይ፣ ውልና ዋስትና ሲሆን ለመከፋፈል የሚሆን ቀዳዳ ጠባብ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ሽማግሌ እያለን ሕግ ለምን?» ይላሉ፤ ግማሽ እውቀት ሰውን ለክስ ያነሳሳል፣ ጠበቃውም ደንበኛ ፈላጊ ይሆናል ብለው የሚሰጉም አሉ። ሽምግልና ክቡር ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። ዋናው ቃል ግን «በፈቃድ» የሚለው ነው። ግማሹ ንብረት የእሷ መሆኑን የማታውቅ ሴት ሩቡን ሰጥተዋት «ታረቂ» ስትባል እሺ ብትል ፈቃዷን ሰጠች ለማለት ይከብዳል። ሕጉን የሰማ ሽማግሌ ወደ እውነቱ የቀረበ እርቅ ያወርዳል፤ ሕጉን የሰማ ተበዳይም እርቁን በሙሉ ልቡ ይቀበላል። ስለ ግማሽ እውቀት የሚነሳው ስጋት ልክ ነው፤ ስለዚህ እንግዳው አጠቃላይ ሕጉን አስረድቶ ለግል ጉዳይ የት እንደሚኬድ ያመልክት እንጂ እዚያው ፍርድ አይስጥ። የስም ካርዱንም አያድል። ይህንን ዳኛው ከንግግሩ በፊት በጉባኤው ፊት ቢያሳውቅ ይበቃል።

አንድ የሚያስፈራ ነገር ግን አለ፤ እውነተኛ የፍትሕ እንግዳ ጋባዡንም ይጠይቃል። ሮታሪ ይህን በራሱ ላይ አይቷል። በካሊፎርኒያ የዱዋርቴ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1977 ሴቶችን አባል ሲያደርግ ዓለም አቀፉ ሮታሪ ክለቡን ከማኅበሩ አስወጣው፤ ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በግንቦት 1987 ለዱዋርቴ ክለብ ተፈረደ። ስለ ፍትሕ ንግግር ሲሰማና ለሚመለከታቸው ሁሉ ፍትሐዊ መሆንን መለኪያው ሲያደርግ የኖረ ማኅበር የራሱን ደጅ እንዲከፍት ፍርድ ቤት ማዘዝ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ግን በሩን ከፈተ፤ ከፍቶም አልፈረሰም። የእኛም እድሮች ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። በብዙዎቹ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የባል ስም ነው፤ ሚስት ወጥ ስትሠራ፣ ለቅሶ ስትደርስ ኖራ ድምፅ የላትም። ተከራይ ለዓመታት ጎረቤት ሆኖ መግቢያው ስለከበደው ብቻ ከአባልነት ይቀራል፤ የቤት ሠራተኛ ስትሞት ሬሳዋን ማን እንደሚያነሳ በብዙ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አልተጻፈም። እንግዳው ስለ እኩልነት ተናግሮ ሲጨርስ አንዲት እናት ተነስታ «እኛስ?» ብትል እድሩ መልስ ሊኖረው ይገባል። ይህ ጥያቄ እንዳይነሳ ፈርቶ እንግዳ አለመጥራት በደሉን አያጠፋውም፤ የበደሉን ዕድሜ ያረዝመዋል።

አጀማመሩ ቀላል ነው፤ አዲስ ጽሕፈት ቤትም ሆነ በጀት አይጠይቅም። በሚቀጥለው ስብሰባ ዳኛው «በዚህ ዓመት ስለ ምን ሕግ መስማት ትፈልጋላችሁ?» ብሎ አባላቱን ይጠይቅ፤ ሦስት ርእስ ይመረጥ፤ በየሦስት ወሩ አንድ ሰው ይጋበዝ። ንግግሩ ሃያ ደቂቃ ይሁን፤ ጥያቄው ግን አይቸኮልበት፤ ከኋላ የተቀመጡት እናቶችም ዕድል ያግኙ። አንዳንዴ ከባለሙያው ጎን በዚያ ችግር ውስጥ ያለፈ ሰው ፈቃደኛ ከሆነ ይናገር፤ የፍርድ ቤት ደጅ ለዓመታት የጠና ሰው የሚያውቀውን መጽሐፍ አያውቀውም። እንግዳው አመስግኖ ከሄደ በኋላ ጸሐፊው መዋጮና ቅጣት በሚያሰፍርበት በዚያው መዝገብ ላይ አባላቱ ለማድረግ የተስማሙባትን አንዲት ነገር ይጻፍ፤ ለምሳሌ «ለኑዛዜ ምስክር ለሚፈልግ አባል አራት ሰው እንመድባለን» ብሎ። በሚቀጥለው ስብሰባም መዋጮው ከመሰብሰቡ በፊት ያቺ መስመር ትነበብ፤ ተፈጽማ እንደሆነም ይጠየቅ።