«ግን እኮ ይወዳታል»

ናይጄሪያዊቷ አዮባሚ አዴባዮ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመችውን «ስቴይ ዊዝ ሚ» ካነበቡ ወዳጆቼ ጋር ባወራሁ ቁጥር ስለ ባልየው የምሰማው አንድ ነው፤ «አጥፍቷል፣ ግን እኮ ይወዳታል»። ይቺ «ግን» እንቅልፍ ትነሳኛለች። (ምስጢሩን ልዘረግፈው ነው። ያላነበባችሁ እዚህ አቁሙና መጽሐፉን ፈልጉ።)

የጂዴና አኪን ኢፌ ዩኒቨርሲቲ ተገናኝተው የተጋቡ ወጣቶች ናቸው። እሷ ኢሌሻ ከተማ ፀጉር ቤት አላት፤ እሱ ባንክ ይሠራል። አራት ዓመት ሙሉ ልጅ የለም። ዘመዶቹ ፉንሚ የምትባል ሁለተኛ ሚስት ይዘው ከተፍ ይላሉ። የጂዴ ነጭ ፍየል እየጎተተች ተራራ ትወጣለች፤ ነቢይ ነኝ ባዩ ፍየሉን አሳቅፎ ጡት ያስጠባታል። ከዚያ ሆዷ ይገፋል፤ አልትራሳውንዱ ግን ባዶ ያሳያል። ሰው ሁሉ አበደች ይላል።

አኪን ይህን ሁሉ ሲያይ ያውቃል። ችግሩ የእሱ ነው፤ ስንፈተ ወሲብ አለበት። እሷ ከእሱ በፊት ወንድ አታውቅም፣ የነገራትን አመነች። በዚህ አላበቃም፤ ሚስቱን እንዲያስረግዝለት የገዛ ወንድሙን ዶቱንን ይለምናል። እሷን የጠየቃት የለም።

ሕመሙን አልፈርድበትም፤ ማንንም ይይዛል። ወንድ «አልችልም» ብሎ ሲናገር ምን እንደሚከተለውም አላጣሁትም። ግን ያንን ውርደት ከራሱ ላይ አንስቶ እሷ ላይ ጫነው፤ አማቷ ስትሰድባትም አፉን ዘጋ። እኛስ ብንሆን? «መካን» ሲባል ወዲያው ሴት አይደለች እንዴ የምትታየን? «ሐኪም ጋ ሂጂ» እንላለን፤ «ሂዱ» የሚል ስንት ሰው አለ? መጽሐፉን «ልጅ ያጣች ሴት ታሪክ» እያላችሁ የምትጋብዙንም የአኪንን ውሸት ነው የምትደግሙለት።

«ደራሲዋ ራሷ ድምፅ ሰጥታዋለች» ትሉኛላችሁ። ሰጥታዋለች፣ ሁለቱም እየተፈራረቁ ይተርካሉ። ግን ታሪኩን በራሱ አንደበት መናገሩ ነፃ አያወጣውም። እንዲያውም ልብ የሚያሳዝን አነጋገሩ ነው እንዳናውቅበት ያደረገው፤ ሚስቱም በዚያው አንደበት ነው የተታለለችው።

እስቲ የተራራውን ምዕራፍ ድገሙት፤ በዚህኛው ንባብ እሱ የሚያውቀውን እያወቃችሁ። ከዚያ በኋላም «ግን» የምትሉ ካላችሁ፣ ኑ እንከራከር።