ሚጣ አትክልት ልትማር ነው

በእኛ ቤት ትልልቅ ዜና የሚነገረው እሁድ ምሳ ላይ ነው። እኔ ሥራ መቀጠሬን የተናገርኩት እሁድ ምሳ ላይ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ሊያገባ መሆኑን ያሳወቀንም እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። አምና ተራው የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ሆነ። በቤት ስሟ ሚጣ እንላታለን፤ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ከሽሮው ቀና አለችና "እኔ ሆርቲካልቸር ነው የምማረው" አለች።

እማዬ "ምንድን ነው ደግሞ እሱ?" ብላ ጠየቀች። ሚጣም "አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ አበባ፣ ቅመማ ቅመም" ብላ አስረዳቻት። አባባ ግን ምንም አልጠየቀም። እጁን ታጥቦ ተነሳ። ማታ ለብቻዬ ሲያገኘኝ "እኔ ከሞፈርና ቀንበር ያመለጥኩት ልጄ ተመልሳ እንድትገባበት ነው?" አለኝ።

አልፈረድኩበትም። አባባ ያደገው ገጠር ነው። ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንት ወንዝ ይሻገር እንደነበር ስንቴ ነግሮናል። ለእሱ መማር ማለት ከጭቃው መውጫ መንገድ ነው። በሚጣም አልፈረድኩም፤ የኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ምስክር ነዋ! በተቆረጡ ጀሪካኖች ውስጥ ቃሪያው፣ ቲማቲሙ፣ ጤና አዳሙ፣ በሶብላው ተደርድሮ ልብስ ማስጫ ቦታ ካጣን ዓመታት አልፈዋል። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ቲማቲሟን ነጭ ዝንብ ሲፈጅባት አልቅሳ፣ በማግስቱ ስለ ነጭ ዝንብ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሰፈሩን ያዳረሰች ልጅ ናት።

እኔ መሃል ቤት ቀረሁ። በሥራዬ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ የተማርኩትም ቢዝነስ ነው። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ቢዝነስ የገባሁት ፈልጌው አይደለም። የቅርብ ጓደኞቼ ስለሞሉት ሞላሁ፣ ደረሰኝ፣ ተመረቅኩ። አልተጎዳሁም፤ እንጀራዬ ነው። ግን ያኔ አንድም ሰው "አንቺ ምን ትወጃለሽ?" ብሎ አልጠየቀኝም። ስለዚህ ለሚጣ ቢያንስ ይህን ጥያቄ በአግባቡ ላግዛት ብዬ ተነሳሁ።

የጀመርኩት እንደ ቢሮ ሥራዬ በሰንጠረዥ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ስም፣ ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት፣ የተመሠረተበት ዓመት፣ ዝናው። ሰንጠረዡ ሲያልቅ በጣም አማረብኝ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ብሮሹር እንዴት እንደሚዘጋጅ እኔ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ሁልጊዜ ፎቶ የምናነሳው በጣም ያማረውን ጥግ ነው። ሰንጠረዤ ውስጥ ያሰፈርኩት ሁሉ የማሸጊያው ወሬ ነበር። ሚጣ የምትማርበት መሬት የት እንዳለ፣ ምን እንደሚበቅልበት፣ ተማሪ እጁን ያስገባበት እንደሆነ የሚናገር አንድም ረድፍ አልነበረውም።

በመጀመሪያ ስለ ምርጫው አካሄድ ልንገራችሁ፤ እኔ ራሴ ተሳስቼ ነበርና። በአገራችን ተማሪው በቀጥታ "ሆርቲካልቸር" ብሎ አይገባም። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሆኖ የመግቢያ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ይመርጣል፤ ይመደባል። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ነው። የትምህርት ክፍል የሚመርጠው ከዚያ በኋላ፣ በፍላጎቱና በውጤቱ ነው። ስለዚህ ምርጫው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ሆርቲካልቸር የሚፈልግ ልጅ መጀመሪያ ማረጋገጥ ያለበት የሚመርጠው ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በእርግጥ የሚሰጥ መሆኑን ነው። አንዳንዱ ጋ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ነው፤ ሌላው ጋ በዕፅዋት ሳይንስ ሥር ይገኛል። ይህን ሳያጣሩ በከተማው ውበት ብቻ መሙላት በኋላ ያስቆጫል።

ዲግሪው ብቻም አይደለም መንገዱ። እንደ አላጌ ያሉ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። እዚያ ሥልጠናው ወደ ተግባሩ ያደላል፤ እጁ ከአእምሮው ለሚቀድም ልጅ ይህ ውርደት ሳይሆን ትክክለኛው በር ሊሆን ይችላል። የግል ኮሌጅ ካሰባችሁ ደግሞ የኮሌጁ ስም ብቻ ሳይሆን የምትፈልጉት የትምህርት ዘርፍ ራሱ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። አንዱ ዘርፍ ፈቃድ ስላገኘ ሌላውም አለው ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ሰንጠረዡን ቀዳደድኩና በሌላ ዓይን አየሁት፤ በአካባቢው ምን ይበቅላል? ሆርቲካልቸር ከሌላው ትምህርት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የሂሳብ ቀመር ጅማም ሐዋሳም ያው ነው፤ የአፈሩና የአየሩ ጠባይ ግን አንድ አይደለም።

ጅማ የግብርና ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ዙሪያው ቡና፣ ቅመማ ቅመም፣ ፍራፍሬ ነው። ሐሮማያ በ1950ዎቹ ከአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የቆመ አንጋፋ የግብርና ኮሌጅ ነበር። አካባቢው ድንችና አትክልት አምርቶ እስከ ጅቡቲና ሶማሊያ ገበያ ድረስ የሚልክ ነው። ሐሮማያ ሌላም ትምህርት አለው። በስሙ የሚጠራው ሐይቅ ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ ነበር፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ለመስኖና ለመጠጥ ያለ ልክ መሳቡ ነው። ውሃው ኋላ ላይ ተመልሷል። አትክልት የሚማር ልጅ ከዚህ የበለጠ ስለ ውሃ የሚያስተምረው መጽሐፍ የት ያገኛል?

የሐዋሳ ግብርና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1976 ተመሠረተ። አንድ ወገኑ የሲዳማ የእንሰት፣ የቡናና የአቮካዶ ጓሮ ነው፤ በሌላው ወገን ስምጥ ሸለቆን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ስትመጡ የባቱን የአበባ እርሻዎች ታገኛላችሁ። ባሕር ዳር ደግሞ የግብርና ግቢው ዘንዘልማ ነው፤ ብዙም ሳይርቅ መራዊ ላይ የቆጋ መስኖ አለ። እነዚህ ብቻ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ልጁ ልቡ አበባ ላይ ከሆነ አበባ ወዳለበት፣ ቡናና ቅመም ላይ ከሆነ ወደዚያው ያድላ።

ከዚያ ሄደን እንይ ተባለ። የአጋማሽ ዓመት ዕረፍቷን ጠብቀን ሁለት ግቢ ለማየት ተነሳን። እኔና ሚጣ ብቻ ነበር የምንሄደው። በማለዳ መኪና ስናስነሳ ግን አባባ ኮቱን ለብሶ መጣና ከኋላ ወንበር ገባ። "መንገዱን ልይ ብዬ ነው" አለ። ሌላ ምንም አልተናገረም።

የመጀመሪያው ግቢ በር ላይ ያለው አትክልት ልብ ይሰርቃል። ብሮሹሩ ላይ ያለው ፎቶም እሱ ነው። የተማሪ ማሳውን እንይ ስንል ወደ ጓሮ ወሰዱን። ግሪን ሃውሱ አለ፤ ፕላስቲኩ ግን ተቀዷል፤ ውስጡ የተሰበረ ወንበር ተከምሮበታል። ሚጣ ምንም አላለችም፤ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ለማንሳት የዘረጋችውን እጅ ብቻ መለሰችው።

ሁለተኛው ግቢ በሩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከኋላው ግን የችግኝ ጣቢያ አለው። በጥቁር ፕላስቲክ የተተከሉ የአቮካዶ ችግኞች በጥላ መረብ ሥር ተደርድረዋል። አንድ የጣቢያው ሠራተኛ ሚጣን ወደ ራሱ ጠርቶ ግራፍቲንግ አሳያት። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ እናቱን አይመስልም፤ ለማፍራትም ብዙ ዓመት ያስጠብቃል። ስለዚህ ከተመረጠ ዛፍ ላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በችግኙ ግንድ ላይ ይያያዛል፤ እንዲህ ሲሆን በሦስትና በአራት ዓመት ፍሬ መስጠት ይጀምራል። ምላጩን ሰጣት። የመጀመሪያውን አበላሸችው። ሁለተኛውን አጥብቃ አሰረችው። ፊቷን ብታዩት!

አስተባባሪው መምህር ጥያቄ ካለን ጠየቀን። እኔ ስለ ደረጃና ስለ ተመራቂዎች ሥራ ጠየቅሁ። አባባ እስከዚያ ድረስ አፈሩን በእጁ እያሸ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። ድንገት "በጋ ላይ ውሃውን ከየት ታመጣላችሁ?" አለ። መምህሩ ጉድጓዱን አሳየው። አባባ ቀጠለ፤ "ተማሪው የራሱ መደብ አለው ወይስ አሥራ አምስት ሆነው አንዱ ሲቆፍር ያያሉ?" "ምርቱ ሲደርስስ ማን ይሸጠዋል?" "ቢበላሽባቸውስ?" መምህሩ ሳቅ አለና "አባት፣ እርስዎ ገበሬ ነዎት?" አለው። አባባም ኮቱን አስተካክሎ "የገበሬ ልጅ ነኝ" አለ። ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

የአባባን ጥያቄዎች ቤት ስንመለስ ጻፍኳቸው፤ የራሴንም ጨመርኩባቸው። እናንተም ግቢ ብትሄዱ ይጠቅሟችኋል። ተማሪ ከመትከል እስከ መሸጥ የሚከታተለው መደብ አለው? በደረቅ ወቅት መስኖ ይሠራል? የሚሠራ ግሪን ሃውስና ከምርት በኋላ ማቆያ ቀዝቃዛ ክፍል አለ? የተግባር ልምምድ የሚወጡት የት ነው፤ በእርግጥ እርሻ ላይ ነው ወይስ ቢሮ ቁጭ ብለው? በአቅራቢያቸው የምርምር ማዕከል ወይም እርሻ ያስገባቸዋል? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኖባቸዋል፤ የዚያ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ምን ያህሉ ያልፋሉ? መልሱን ከአስተዳደር ብቻ ሳይሆን ከሦስተኛና ከአራተኛ ዓመት ተማሪ ስሙ። ተማሪ ብሮሹር አይጽፍም።

ሥራ ይገኛል ወይ? ይህ የእማዬ ጥያቄ ነበር፤ የብዙ እናት ጥያቄም ነው። አገራችን ከአፍሪካ አበባ በመላክ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠራ ናት። ባቱ፣ ቢሾፍቱ፣ ሆለታ፣ ሰበታ አካባቢ ያሉ እርሻዎች የሰለጠነ ሰው ይፈልጋሉ። መልካሳን የመሰሉ የምርምር ማዕከላት አሉ። የችግኝ ማፍያ፣ የመስኖ አትክልት፣ የፍራፍሬ ማቀነባበሪያ፣ የከተማ አረንጓዴ ሥፍራ ሥራም አለ። ግን ማር ብቻ አድርጌ አልሸጥላችሁም። ሥራው አብዛኛው ከአዲስ አበባ ውጪ ነው። ፀሐይ አለው፤ ጥንቃቄ የሚፈልግ የፀረ ተባይ ኬሚካል አለው፤ በአንድ ሌሊት ውርጭ የወራት ልፋት ሊሄድ ይችላል። ልጁ ይህን አውቆ የሚፈልገው ከሆነ ነው የሚበረታው።

እዚያው ግቢ ያገኘናት አንዲት ተማሪ የነገረችን አይረሳኝም። ክፍሏ ውስጥ አብዛኞቹ ወደውት ሳይሆን ደርሷቸው የገቡ ናቸው። "መርጠሽው ከመጣሽ መምህራኑ በመጀመሪያው ሳምንት ይለዩሻል" አለቻት ለሚጣ። ይህን ስሰማ ሰው የናቀው ዘርፍ ለሚወደው ልጅ ሰፊ ሜዳ እንደሚሆን ገባኝ። እንደ ማርኬቲንግ ባለሙያ ብናገር፣ ተፎካካሪ በሌለበት ገበያ መግባት ማለት ነው።

ሚጣ ፈተናውን አለፈች። የደረሳት ሁለተኛ ምርጫዋ ነው፤ ችግኝ ጣቢያውን ያየችበት ግቢ። አሁን የመጀመሪያ ዓመቷን እየጨረሰች ነው፤ በቅርቡ የትምህርት ክፍል ትመርጣለች። ውጤቷ ጥሩ ነው፤ ትልቁም ፈተና እሱ ሆነባት። "በዚህ ነጥብሽ ግብርና?" የማይላት የለም። ባለፈው ሳምንት ደውላ "ሁሉም ሶፍትዌር ሙዪ እያሉኝ ነው" ብላ ለአባባ ነገረችው። ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አባባ ጉሮሮውን ጠረገና "ያ ያሰርሽው ችግኝ ያዘ ወይስ ደረቀ?" አላት።

"ይዟል አባዬ፣ ቅጠል አውጥቷል።"

"እንግዲህ" አለ አባባ፣ "እሱን ለማን ትተሽ ነው?"

ስልኩን ዘግቶ ወደ በረንዳው ወጣ። ሚጣ ከሄደች ጀምሮ ጀሪካኖቹን ውሃ የሚያጠጣው እሱ ነው። የቲማቲሙን ቅጠል እየገለበጠ ነጭ ዝንብ ይፈልጋል።