አይሮፕላንን በደኅና ስለ ማሳረፍ

ከሰው ልጅ ሥራ ውስጥ ፍጻሜው ከመጀመሪያው ይልቅ የሚከብድ ብዙ ነው። አይሮፕላን መንዳትም ከዚሁ ወገን ነው። ወደ ሰማይ መውጣቱ ተመልካችን ያስደንቃል፤ የነጂው ብልኀትና ትዕግሥት የሚፈተነው ግን ወደ ምድር ሲመለስ ነው።

ትንንሽ የግል አይሮፕላኖች እጅግ በሚበዙባት በአሜሪካ አገር በነዚሁ ላይ የሚደርሰው አደጋ ሲመረመር፣ ከጕዞው ክፍሎች ሁሉ አደጋ የሚበዛው በማረፊያው ጊዜ ሆኖ ይገኛል። ይልቁንም ከጎን የሚነፍሰው ነፋስ አይሮፕላኑን ከመንገዱ ሲያስወጣው ብዙ ጎማና ክንፍ ይሰበራል። ከነዚህ አደጋዎች የሚበዙት የሰው ሕይወት የሚጠፋባቸው አይደሉም። ነገር ግን ሜዳው ሳይደረስ በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ የሚደርሰው ውድቀት ብዙ ጊዜ ለሞት ያበቃል።

ምክንያቱም የታወቀ ነው። አይሮፕላንን በአየር ላይ የሚሸከመው ክንፉ ስለ ሆነ፣ ፍጥነቱ ከሚገባው በታች ሲቀንስ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል። ስለዚህ ነጂዎች ወደ ማረፊያው ሲቀርቡ ከዚህ ወሰን በመቶ 30 ያህል አስበልጠው እንዲመጡ ይማራሉ። ዳሩ ግን መታጠፊያው ያለፈው ነጂ ወደ መሥመሩ ለመመለስ ብሎ፣ ከፍታውን እንደ ጠበቀ አይሮፕላኑን 60 ዲግሪ አጋድሎ ቢያዞረው፣ ያ ወሰን በመቶ 41 ከፍ ይላል፤ በጥንቃቄ የተያዘው ትርፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያልቃል። ቮልፍጋንግ ላንጌቪሸ የተባለው ነጂ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1944 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ መሬት ሲቀርብ የሰው ስሜት መሪውን ወደ ራሱ እንዲስብ ያዘዋል፤ ይህም ውድቀቱን ያፋጥነዋል እንጂ አያድነውም።

ይህን ፈርቶ ፍጥነት የሚያበዛም በሌላው ወገን ይጎዳል። ፍጥነት በመቶ 10 ሲጨምር ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በመቶ 21 ያህል ይጨምራልና ሜዳው ያልቅበታል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባም አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቍጥር ሲያሳይ አይሮፕላኑ በእውነት የሚሮጠው በባሕር ጠረፍ ከሚሮጠው ከመቶ 10 በላይ አስበልጦ ነው። ከቈላ የሚመጣ ነጂ ይህን አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድር ነው? አመጣጡ ያላማረውን ማረፊያ በጊዜ ትቶ፣ ሞተሩን በሙሉ ኃይል ከፍቶ እንደገና መነሣትና ዞሮ መምጣት ነው። ይህ የሚያስወጣው ጥቂት ደቂቃና ጥቂት ቤንዚን ነው። ሆኖም ብዙ ነጂ ይህን ለማድረግ ያፍራል። በሜዳው ዳር የሚጠብቁት ‹አልቻለም› እንዳይሉት፣ ተሳፋሪው እንዳይሠጋ፣ ቀጠሮው እንዳያልፍ ሲል የተበላሸውን ለማቃናት ይታገላል። ስለዚህ አይሮፕላኑን የሚሰብረው ነፋሱ ብቻ ሳይሆን እፍረቱም ነው።

እንደገና መነሣትም ራሱ ልምምድ ይጠይቃል፤ ዘግይቶ የተወሰነ እንደ ሆነ እርሱም አደጋ ያመጣል። ስለዚህ አስተማሪዎች ማረፍን ብቻ ሳይሆን ማረፍን መተውንም ደጋግመው ሊያለማምዱ ይገባል። የአይሮፕላን ባለቤትና በአይሮፕላን የሚጓዝ ሹምም ዞሮ የመጣውን ነጂ ስለ መዘግየቱ ከመውቀስ ይልቅ ስለ ማስተዋሉ ሊያመሰግነው ይገባል። ነጂውን በቀጠሮ የሚያስጨንቅ ሰው ከአደጋው በኋላ ‹እኔ መሪ አልያዝሁም› ቢል ከኀላፊነት አያመልጥም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ከአየር ላይ የፈሰሰ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም።