የአምስተኛውና የስድስተኛው ወር ገበታ

የእርግዝና አምስተኛና ስድስተኛ ወር ለብዙ እናቶች የእፎይታ ጊዜ ነው። የማቅለሽለሹ ነገር ጋብ ይላል፤ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፤ ፅንሱም መንፈራገጥ ይጀምራል። የሚያሳዝነው፣ ፍላጎቷ በተመለሰ ሰሞን ከነፍሰ ጡሯ ገበታ ላይ አንዳንድ ነገር መነሳት መጀመሩ ነው። «ወተትና ገንፎ አታብዢ፣ ሕፃኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይለጠፋል»፤ «እንቁላልና ሙዝ ይቅርብሽ፣ ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጠናብሻል» ይባላል። ይህ አባባል በአገራችን በብዙ ሥፍራ የተለመደ ሲሆን የምዕራብ ሸዋ ከተሞችም፣ ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ፣ ከዚህ ነፃ አይደሉም። ምክሩ የሚመጣው ከአማትና ከጎረቤት፣ ያውም ከመልካም ልብ ስለሆነ እምቢ ለማለት ያስቸግራል።

እስቲ ስለ ነጩ ነገር እንነጋገር። አራስ ሕፃን ሲወለድ በቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት እናቲቱ የጠጣችው ወተት ወይም የበላችው ገንፎ አይደለም። እናት የበላችው ምግብ በሆዷ ውስጥ ይፈጫል፤ ለፅንሱ የሚደርሰው ንጥረ ነገሩ ብቻ ነው፤ እሱም በደም አማካይነት በእንግዴ ልጅና በእትብት በኩል ያልፋል። ነጩን ቅባት የሚሠራው የሕፃኑ የራሱ ቆዳ ሲሆን፣ ሥራውንም የሚጀምረው በዚሁ በአምስተኛው ወር አካባቢ ነው። ጥቅሙ ለወራት በሽርት ውኃ ውስጥ የሚኖረውን ስስ ቆዳ መጠበቅ ነው። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ብዙውን ጊዜ በዚህ ቅባት ተሸፍኖ ይመጣል፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚወለደው ግን እምብዛም አይታይበትም። የእናቱ ወተት ቢሆን ኖሮ ብዙ ቀን የቆየው ይብስበት ነበር።

የልጁ መግዘፍስ? ምጥን የሚያከብዱ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። አንደኛው የእናቲቱ ዳሌ አጥንት ጥበት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ በልጅነቷ በቂ ምግብ ካለማግኘቷ የሚመጣ እንጂ በእርግዝናዋ ወተት ከመጠጣቷ አይደለም። አሁን ብትራብ ዳሌዋ አይሰፋላትም። ይልቁንስ በምግብ እጥረት የተጎዳ ፅንስ ሲወለድ ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች ሊመዝን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሕፃን ደግሞ ለብርድም ለበሽታም በቀላሉ ይጋለጣል። ልጁ ከመጠን በላይ እንዲገዝፍ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ የእናቲቱ የስኳር ሕመም ነው። ለዚህም መፍትሔው በ24ኛውና በ28ኛው ሳምንት መካከል መመርመር ነው። ፅንሱ በ20ኛው ሳምንት 300 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በስድስተኛው ወር መጨረሻ ግን ወደ 900 ግራም ይደርሳል። በሁለት ወር ውስጥ ክብደቱ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ ከየት አምጥቶ ይደግ?

ለሁለት ሰው መብላት አያስፈልግም። በዚህ ወቅት የሚጨመረው በቀን 340 ካሎሪ ያህል ነው፤ ይህም አንድ ተጨማሪ ቀለል ያለ ምግብ እንደማለት ነው። ዋናው ነገር ምን ይበላል የሚለው ነው። በጥቁር እንጪኒና በደንዲ ደጋ ቆጮ፣ በጀልዱ ድንች፣ በባኮ በቆሎ ሞልቷል። እነዚህ ሁሉ ኃይል ሰጪ ናቸው፤ ሥጋና ደም ለመገንባት ግን ብቻቸውን አይበቁም። ቆጮው በአይብና በጎመን፣ ድንቹ በእንቁላል፣ የበቆሎው ቂጣ በባቄላ ወይም በምስር ወጥ ይበላ። ከባኮ አልፎ እስከ ወለጋ የሚወደደውና አጥንት ይጠግናል የሚባልለት አንጮቴ በካልሲየም የታወቀ ስለሆነ ለነፍሰ ጡር ተስማሚ ነው። ሥጋ መግዛት ካልተቻለ ሽሮና ምስርን መናቅ አይገባም። የተገኘችውን አንድ እንቁላል ለአባወራው የማቅረብ ልማድ ግን ቢያንስ ለእነዚህ ወራት ይቆይልን።

ስለ ደም ማነስ ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። በእርግዝና ወቅት የእናት ደም መጠን በግማሽ ገደማ ይጨምራል፤ ለዚህም ብረት ማዕድን ያስፈልጋል። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረትና የፎሌት ክኒን በየቀኑ መወሰድ አለበት። ዓይነ ምድርን ማጥቆሩ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ልጅ ያገዝፋል መባሉም ሐሰት ነው። የሆድ ድርቀት ካመጣ ውኃና አትክልት መጨመር ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ይከለክላሉና ከምግብና ከክኒኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። ቡናችንን ማን ይከለክለናል የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። ከአቦሉ አንድ ስኒ ጠጥቶ በረካውን ለጎረቤት መተው ይቻላል። በጎመኑ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ በሽሮው ቃሪያ መብላት፣ ወይም ብርቱካን መጨመር ደግሞ ብረቱን ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ይረዳል። አፈር አፈር የሚላት ሴት የደም ማነስ ሊኖርባት ስለሚችል መመርመር እንጂ ማፈር የለባትም።

የአምቦ ልጅ ስለ አምቦ ውኃ ሳይነገራት አትቀርም። ከሰንቀሌ የሚመጣው ጋዝ ያለው ውኃ ቃር ሲያስቸግር ለጊዜው ያስታግስ ይሆናል፤ ሆድ ግን ይነፋል። ሶዲየም ስላለበት የደም ግፊት ያለባት ወይም እግርና ፊቷ የሚያብጥ ሴት ሐኪሟን ሳትጠይቅ አታዘውትረው። የብረት ክኒኑም በንጹሕ ተራ ውኃ እንጂ በአምቦ ውኃ አይዋጥ።

የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርን በጾም አታስገድድም፤ ሕሊናዋ እምቢ ያላት እናት የንስሐ አባቷን ታማክር። ጾሙን ከያዘች እንኳ ሳትበላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቆይ፤ ባቄላ፣ ሽንብራ፣ ኑግና ሰሊጥም ከገበታዋ አይጥፉ። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ ጠላ፣ ጠጅና አረቄ እስክትወልድ ድረስ ይቅሩ። ኮሶ መጠጣት ፅንስን ሊያስወርድ ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከር፤ የትል መድኃኒት ካስፈለገ ከአራተኛው ወር ጀምሮ ጤና ጣቢያው ይሰጣል። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጄሪካን መሸከም የባልና የልጆች ሥራ ይሁን።

ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ችግር ባይኖርም በ20ኛውና በ26ኛው ሳምንት መታየት ያስፈልጋል።

በድርጅት የምትሠሩ እህቶች «አሠሪው ፈቃድ አይሰጠኝም» ብላችሁ ምርመራውን አትዝለሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሌሊት ሥራም አትመደብም። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድም አላት። ለምርመራ በሄደችበት ቀን ግን የሐኪሙን ማስረጃ ይዛ መመለስና ለአሠሪዋ ማቅረብ አለባት።