ሌሊቱን ለፍየል ግልገል? አዎ፣ ለፍየል ግልገል!

ሰሞኑን መካነ ሰላም ቡና ላይ «ቲቸር ጡረታ ወጥተው ፍየል አዋላጅ ሆኑ» እየተባለ ይሳቃል አሉ። ከሳቁት መካከል ያስተማርኳቸው አሉበት። ይሳቁ። እኔን ያናደደኝ አንዱ የጨመረው ነው፦ «ደክሞ የተወለደ ግልገል መቼም አይሆን፤ ተፈጥሮ ራሷ ጥላዋለች። በነጻ ማገልገል ካማራቸው ችግኝ አይተክሉም?» ይህን ያለው ባዮሎጂ ከእኔ የተማረ ልጅ ነው! እንግዲህ መልሱን እዚሁ ልጻፈው። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

«ተፈጥሮ ጥላዋለች» የሚሉት ነገር ሰበብ ነው። የሰው ልጅ ገና ማህፀን ሳለ ከእናቱ የበሽታ መከላከያ ይደርሰዋል፤ ፍየል ላይ ይህ የለም። ግልገል ጠንካራም ይሁን ደካማ ባዶ እጁን ነው የሚወለደው፤ መከላከያው ያለው እንገሩ ውስጥ ነው። አንጀቱ ደግሞ ያንን የሚቀበለው ለአጭር ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ወርቅ ናቸው፣ 24 ሰዓት ሲሞላ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። አሁን መንታ ተወለደ እንበል። እናቲቱ አንዱን ስትልስ ሌላው እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ይበርደዋል። ሲበርደው መቆም ያቅተዋል፣ ካልቆመ አይጠባም፣ ካልጠባ የባሰ ይበርደዋል። ጠዋት ሬሳውን አውጥተን «ድሮም አይሆንም ነበር» እንላለን። የገደለው ግን ብርድና ረሃብ ነው። ሁለቱም መድኃኒት አላቸው፣ ያውም ርካሽ።

ሥራው ምን መሰላችሁ? በጆንያ ወይም በአሮጌ ጨርቅ አሽቶ ማድረቅ። እትብቱን አዮዲን ማስነካት። ጣትን አፉ ውስጥ ከትቶ ማየት፤ ውስጡ ከቀዘቀዘ ወተት አይሰጠውም፣ መጀመሪያ ይሞቃል። ቴርሞሜትር ካለ ደግሞ ጤነኛው ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ነው፤ ከ37 በታች ከወረደ ነገሩ አስጊ ነው። (አዝነው የቀዘቀዘ ግልገል ጉሮሮ ውስጥ ወተት የሚያንቆረቁሩ ደግ ሰዎች አሉ። ሳንባው ይገባል። እባካችሁ ተዉ።) ሲሞቅና መጥባት ሲጀምር የእናቱን እንገር አልቦ በጡጦ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። 2 ኪሎ ለሚመዝን ግልገል በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት 200 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። አንድ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም! ሕይወትና ሞት የሚለያዩት በዚህች ነው።

«ገበሬው ስለማያውቅ ነው» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ስብሰባ ላይ ይህን የሚሉት ጉረኖ ውስጥ አንድ ሌሊት ያላደሩ ናቸው። የማገለግልበት ቤት ወደ ዓባይ ቆላ ሲወረድ ነው። የቤቱ እመቤት የበረደውን ግልገል ምድጃ ዳር አስተኝታ ጋቢ ስታለብስ ያየኋት እኔ ምንም ከማሳየቴ በፊት ነው። ግን ጎህ ሳይቀድ ውሃ ትወርዳለች፣ እንጨት አለ፣ የሚያጠባ ልጅ አላት። በየሁለት ሰዓቱ ተነስታ ጡጦ ልትይዝ ነው? «መምህር፣ ያጠረኝ እውቀት መሰለዎ? እጅ ነው ያጠረኝ» አለችኝ። ከዚህ በኋላ ስለ ግንዛቤ ማስጨበጫ አታውሩኝ።

ችግኝ መትከልን አልጠላሁም፤ የአረጋውያን ቤት መጠገኑም የተባረከ ነው። ግን የክረምት በጎ ፈቃዳችን ፎቶ የሚያምርበትን ብቻ ይመርጣል። ጭለማ ውስጥ፣ ሽንት ሽንት በሚል ጉረኖ፣ ለማን ፎቶ ይነሱታል? ቦር ፍየል ከደቡብ አፍሪካ ድረስ አስመጥተናል፤ ሰሜን ወሎ ሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ከደጋ ፍየሎቻችን ጋር አዳቅሎታል። ጥሩ ነው። ነገር ግን የቦር ልጅም እንገር ካልጠባ ይሞታል። ዝርያ ባሕር አሻግሮ እያመጡ እቤት የተወለደውን በመጀመሪያው ሌሊት መጣል፣ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ነው።

አንድ ግልገል ምን ዋጋ አላት የሚል ካለ የእናቶችን መቀነት ይጠይቅ። ደብተር፣ ጨው፣ የወፍጮ፣ የሐኪም ቤት፣ የማዳበሪያ ዕዳ፤ በሬው አይሸጥ፣ የምትሸጠው ፍየል ናት። ፍየል 5 ወር ነው የምታረግዘው። ዛሬ ሌሊት የተረፈች ሴት ግልገል ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናት እሷም ትወልዳለች። ሒሳብ ያስተማራችሁ ሌላ ነው፣ ግን አስሉት።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ግቢ ያላችሁ ልጆች፣ ወግዲና ከላላ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ አንተም የሳቅከው! በዚህ ሳምንት ሊወልዱ የደረሱ ሦስት አሉ። ቅዳሜ ማታ ኑ። ጋቢና ባትሪ ያዙ። ልጃችሁ የተወው ጡጦ ካለ አምጡ፣ ታጥቦ ይሠራል። ቲሸርት አይሰጥም።