እንፋሎቱ ነው ወይስ ንፍሮው?

ለዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት ስለ ጉዛራ ግንብ ነበር። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ እንፍራዝ አጠገብ ጣናን ቁልቁል እያየ የቆመውን፣ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩትን፣ ከፋሲል ግንብ የሚቀድመውን ማለቴ ነው። ሄጄም አይቼዋለሁ። ነገር ግን ከግንቡ ይልቅ የገረመኝን ነገር ያገኘሁት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ማክሰኝት ላይ፣ አንድ ማድ ቤት ውስጥ ነው። ግንቡ ለሌላ ሳምንት ይቆየን።

ማክሰኝትን አብዛኞቻችሁ በአውቶቡስ መስኮት ታውቋታላችሁ። ጎንደር ለመግባት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ሲቀር የምትገኝ ከተማ ናት። መንገደኛ ሁሉ ወይ ተኝቶ ያልፋታል ወይ «ጎንደር ደረስን እንዴ?» ብሎ ይጠይቅባታል። እኔ ግን የእናቴ ታላቅ ወንድም እዚያው አካባቢ ስለሚኖር ወረድኩ። አጎቴ በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄደው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያው ነው የማውቀው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። ዋልካው መሬት ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ መሐል ግን አረንጓዴ ነገር ምንጣፍ መስሎ ተዘርግቷል። ጫፍ ጫፉ ላይ ገና ያልረገፈች ሰማያዊ አበባ አለችበት፣ በጣም ታምራለች። «ምንድን ናት?» አልኩ። «ጓያ!» አለኝ አጎቴ፣ ጠላቱን እንዳየ ሰው ፊቱን አዞረ።

ቤት ስንገባ የአጎቴ ባለቤት ድስት ጥዳለች። ልጆቹን «ወዲያ! ወዲያ! እንፋሎቱ እንዳይነካችሁ!» እያለች ታባርራለች፣ እሷም አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍናለች። ጓያ እየቀቀለች ነው። ልጆቹ ውጭ እስኪበስል ጠበቁና ንፍሮው ሲቀርብ ተሻምተው በሉት። እኔ ግራ ገባኝ። እንፋሎቱ ከተፈራ መብላቱ እንዴት አልተፈራም?

«አያ፣ ነገሩ ምንድን ነው?» አልኩት ማታ።

«ምን ነው ትለኛለህ» አለ። «በ69 ዓ.ም. የ18 ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ዝናቡ ጠፋ፣ ከጓያ በቀር የበቀለ አልነበረም። ሳርስ ውዬ ተኛሁ። ጧት ስነሳ ጉልበቴ እንቢ አለ። እናቴ እንፋሎቱ መቶህ ነው፣ ድስቱን ሳልከድን አንተ ገባህ ብላ እስክትሞት ድረስ ደረቷን ስትመታ ኖረች። ያጩልኝ ልጅ ቤተሰቦችም በዘር ይተላለፋል ብለው ልጃቸውን ለሌላ ሰጡ።»

ይህን ሲነግረኝ ድምፁ አልተለወጠም። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ ጎንደር ገብቼ አንድ የማውቀውን ሐኪም ያዝኩት፤ ያገኘሁትን ጽሑፍም ሁሉ አገላበጥኩ። እናንተም ስሙኝ።

ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሰው ጓያን ለሁለት ለሦስት ወርና ከዚያም በላይ ዋና ምግቡ ካደረገው፣ ማለትም ከሚበላው ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ጓያ ከሆነ፣ ይህ ንጥረ ነገር እግርን የሚያዝዙትን ነርቮች ሊጎዳ ይችላል። ባት ይኮማተራል፣ ጉልበት ይደርቃል፣ ሰውየው በጣቱ ጫፍ መራመድ ይጀምራል። የባሰበት በአንድ ምርኩዝ፣ ሲብስ በሁለት፣ ከዚያም ሲያልፍ በእንብርክክ ይሄዳል። አእምሮውንም አንደበቱንም አይነካውም። ወጣት ወንዶችን ያጠቃል፣ ብዙ ጊዜም ከባድ ሥራ ላይ እያሉ ወይም ከዚያ በኋላ ድንገት ይጀምራል። አንዴ ከያዘ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። አይተላለፍም፣ በዘርም አይወረስም።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ሂፖክራተስ ስም በሚጠራባቸው መጻሕፍት ውስጥ ሳይቀር ጥራጥሬ ብቻ በልተው እግራቸው ስለደከመ ሰዎች ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1811 እና 1812 ማድሪድ በፈረንሳይ ጦር ተይዛ ስትራብ ሕዝቡ በጓያ ዱቄት ነበር ነፍሱን ያቆየው። ይህን በሥዕል ያስቀረው ማን መሰላችሁ? ጎያ! የስሙን መገጣጠም እዩልኝማ! ፍራንሲስኮ ጎያ «ለጓያ ምስጋና ይግባው» ብሎ በሰየመው ሥዕሉ የተራቡ ሰዎች ምግቡን ሲሻሙ ያሳያል፤ አንዲት ሴት ደግሞ መሬት ላይ ተዘርራለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም፣ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 43፣ ዩክሬን ውስጥ ቫፕንያርካ በሚባል ካምፕ የታሰሩ አይሁዶች ጓያ እየተሰጣቸው ብዙዎቹ እግራቸው ተሳስሮ ቀረ። መንስኤውን የለየውም አርተር ኬስለር የሚባል፣ ራሱም እስረኛ የሆነ ሐኪም ነው።

በአገራችን ደምቢያና ፎገራ በዚህ በሽታ የታወቁ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ ሰው ተጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ወሎ ውስጥ ደላንታ ዳውንት ድርቅ ገብቶ ጓያ ብቻ ሲተርፍ ከ2000 በላይ ሰው ታመመ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለኃይማኖት፣ በኋላም ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ጉዳዩን ገበሬው ቤት ድረስ ገብተው አጥንተውታል።

ታዲያ ጥናቶቹ ምን አሉ? ሕዝባችን ወንጀለኛውን በትክክል ይዞታል፣ የመጣበትን መንገድ ግን ስቷል። እንፋሎቱ ማንንም አያሽመደምድም። ገለባውን መርገጥም፣ በማሳው ማለፍም አያሳምምም። መርዙ የሚገባው በአፍ ብቻ ነው። አደጋውን የሚያከፉትም እነዚያ ልጆች የተሻሙበት ንፍሮ፣ ቆሎና ጥሬ እሸት ሆነው ተገኙ። ቦክቶ የተጋገረ እንጀራና ወጥ ግን ያን ያህል አልታማም። ቅመም የበዛበት መረቅ ደግሞ እንዲያውም አደጋውን ሲቀንስ ታይቷል።

«ታዲያ ገበሬው ለምን ይዘራዋል?» ትሉ ይሆናል። አትፍረዱበት። ጓያ የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ ተዘርቶ በዋልካው ውስጥ በቀረችው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ውኃ ቢተኛበትም ዝናብ ቢጠፋም ይችላል፣ መሬቱንም ያዳብራል። ሁሉ ሲክድ እሱ ይገኛል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ሌላው ሲጠፋ እሱ ብቻ ይበላል። ተመራማሪዎች መርዙ ያነሰ «ዋሴ» የሚባል ዝርያ አውጥተዋል፤ ሆኖም ዝርያው ብቻውን ዋስትና ስላልሆነ አዘገጃጀቱን ማወቅ ግድ ነው።

እኛ የከተማ ልጆችስ? «እኔን ምን አገባኝ» ያላችሁ ካላችሁ ቆይ! ያቺ በርካሽ የምትገዟት፣ ላጤ ሁሉ የሚኖርባት ሽሮ ምን እንዳለባት ታውቃላችሁ? ጓያ ከሽምብራና ከአተር ይረክሳል፣ ዱቄት ከሆነ በኋላ ደግሞ በዓይን አይለይም። ስለዚህ እነዚህን ቆርጣችሁ ማድ ቤት ለጥፏቸው፦

1. ከተቻለ ሽሮን በዱቄት ሳይሆን በእህል ገዝታችሁ አስፈጩ። አተር ድቡልቡል ነው፣ ሽምብራ አፍንጫ አለው፣ ጓያ ግን ማዕዘን ያለው፣ በትንሽ ሽብልቅ የተመሰለ ነው። አንዴ ካያችሁት አትስቱትም።

2. ጓያ ከሆነ አሳድራችሁ ዘፍዝፉት፣ ውኃውን ድፉት። በአዲስ ውኃ ቀቅሉና ያንንም ድፉት። መርዙ ውኃ ውስጥ ይሟሟል፤ መቀቀል ብቻውን አያጠፋውም። መቁላትም ይቀንሰዋል እንጂ አይጨርሰውም።

3. ብቻውን አትብሉት። ከጤፍ፣ ከስንዴ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅሉት። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አትንፈጉት።

4. ንፍሮውን፣ ቆሎውንና እሸቱን የዕለት ቀለብ አታድርጉ፣ በተለይ ለልጆችና ለጎረምሶች።

5. ጓያ በሸክላ ድስት የሚያበስሉ ሰዎች ይበልጥ ሲታመሙ በጥናት ታይቷል። ብረት ድስት ካለ በእሱ አብስሉ።

6. ጓያ አዘውትሮ የሚበላ ሰው ባቱ ከተኮማተረ ወይም እግሩ ከከበደው ወዲያው ያቁም፣ ወደ ሐኪም ይሂድ። ጊዜ መስጠት አያስፈልግም።

7. ደግሞም አትደንግጡ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን የጓያ ሽሮ የበላ ሰው ምንም አይሆንም። የሚጎዳው ወራትን ሙሉ እሱን ብቻ መኖር ነው።

ከጎንደር ስመለስ ማክሰኝት ላይ ደግሜ ወረድኩ። ለአጎቴ ባለቤት የመዘፍዘፉን ነገር ነገርኳት። «ውኃውን መድፋትማ እናቶቻችንም ይሉ ነበር፣ እኛ ነን የተውነው» አለች። ልጆቹ ከእንግዲህ ከእንፋሎቱ ሳይሆን ከንፍሮው ሊባረሩ ነው፤ ፊታቸው ላይ ደስታ አላየሁም።

አጎቴ ግን ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«እንፋሎቱ አይደለም ነው የምትለኝ?»

«አይደለም፣ አያ።»

«የእናቴ ጥፋት አልነበረማ?»

«አልነበረም። እሷ ያላትን አበላችህ እንጂ።»

ምርኩዞቹን አነሳና ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ «ነገ ጧት መቃብሯ ላይ ታደርሰኛለህ፣ የምነግራት አለኝ» አለኝ። የጧቱ አውቶቡስ አመለጠኝ፤ ጽሑፌን ያዘገየሁት ለዚህ ነው፣ አዘጋጁም ይቅር ይበለኝ።

እናንተም ከቤታችሁ የምትሰሙት «እንፋሎቱ ነው፣ ጠሉ ነው፣ ዘር ነው» የሚባል ነገር ካለ አትሳቁበት፣ ግን ጠይቁ። የሚሰማችሁ ካገኛችሁ ደግሞ ንገሩት። አንድ ሰው 50 ዓመት ሊጠጋ የተሸከመውን ታወርዱለት ይሆናል።

ሳምንት በጉዛራው ግንብ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!